ጽጌረዳው ሳይፈካ አንገቱን ሲደፋ

ከጅማ ፈረንጅ አራዳ አንዲት እህት ጽፋልኛለች። ለልጇ ምርቃት 20 ጽጌረዳ ገዛች። በማግስቱ አበቦቹ ሳይፈኩ አንገታቸውን ደፉ። ውሃውም ደፈረሰ፣ ሸተተ። «3 ማንኪያ ስኳር ጨምሬበት ነበር። ጎረቤቴ በረኪናና ሎሚ ደባልቀሽ ጨምሪበት አለችኝ። እቤት ባለ ነገር ማቆየት አይቻልም ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት፦ በረኪናና ሎሚ እንዳትደባልቂ። አቼቶም እንደዚያው። ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። በጠባብ ኩሽና ውስጥ ቀልድ አይደለም።

ወደ አበባሽ ስንመጣ፣ አርጅቶ አይመስለኝም። ያረጀ ጽጌረዳ ፈክቶ ይረግፋል። ያንቺ ገና እምቡጥ እያለ ነው አንገቱ የታጠፈው። ይሄ ውሃ ጥም ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ተጠምቷል። ግንዱ ተደፍኗል ብዬ እገምታለሁ። ጫፉን በጣትሽ ዳሺው፤ ከተሙለጨለጨ ግምቴ ልክ ነው።

የናፍጣ መኪና አየር ሲያስገባ አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ግን ነዳጅ አያገኝም። መስመሩ ላይ የገባው አየር መንገድ ይዘጋል። ሹፌሩ አየሩን ካላስወጣ መኪናው አይነሳም። ጽጌረዳም እንደዚያው ነው። ግንዱ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች አሉ። ቅጠሎቹ ውሃ ባተነኑ ቁጥር ከታች ይስባሉ። ያንቺ ጽጌረዳ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ይመስለኛል። 350 ኪሎ ሜትር ያህል በደረቁ ሲጓዝ የሚስበው ውሃ የለም፤ አየር ይስባል። ቤትሽ ገብቶ ውሃ ሲያገኝ አየሩ መንገዱን ይዞ ይጠብቀዋል። ከዚያ ባክቴሪያው ይከተላል። ስኳር አበባውን ይመግባል፣ ባክቴሪያውንም ይመግባል። ስኳር ብቻ ስትጨምሪ የቀለብሽው ባክቴሪያውን ነው። እሱ የሚሠራው ልጋግ የቀሩትን ቱቦዎች ይደፍናቸዋል። ሎሚ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያው ቶሎ አይራባም፣ ውሃውም በግንዱ ቀለል ብሎ ይወጣል።

የተቆረጠበትን ቦታም እይው። ከተጨፈለቀ በደነዘዘ ርካሽ መቀስ ነው የቆረጡት። ያ መቀስ አይቆርጥም፣ ያኝካል። እሾሁን በሽቦ እየጠረጉ ልጡን የሚገሸልጡም አሉ፤ በዚያ ቁስል ባክቴሪያ ይገባል። ስንት ወር የተደከመበት አበባ እንዲህ ሲበላሽ ያንገበግበኛል።

ማስቀመጫውን በበረኪና እጠቢው። ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመሽ አለቅልቂው፤ ቀጥሎ የሚገባበት ሎሚ ነውና። ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርጊ። ግንዱን ውሃው ውስጥ እንዳለ ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በስል ቢላ ሰያፍ ቁረጪው። ከውሃ በታች የሚውለውን ቅጠል አንሺ። ከዚያ አበቦቹን በጋዜጣ ቀጥ አድርገሽ ጠቅልያቸው፤ ለብ ያለ ጥልቅ ውሃ ውስጥ 2 ሰዓት ይቁሙ። አንገታቸው ከቀና ድነዋል።

ማቆያውን በ1 ሊትር ሃይላንድ በጥብጪው፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ። በየ2 ቀኑ ቀይሪው፣ ግንዱንም ትንሽ ቁረጪለት። ማስቀመጫው ብርጭቆ ይሁን፤ ብረት ከሆነ ሎሚው ይበላዋል።

ሙዝና አቮካዶ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አርቂው። ሲበስሉ የሚያወጡት ኤትሊን የሚባል ጋዝ አበባን ያስረጃል። ጭስም ውስጥ ይኸው ጋዝ አለ። ቡና ስትቆዪ አበባውን ወደ ሌላ ክፍል ውሰጂው።

አንገቱ ላይ የጠቆረ ካለ አይመለስም። አበባውን ብቻ ቆርጠሽ ሰሃን ውሃ ላይ አንሳፊው። ጎረቤትሽ ግን ለራሷ አበባ ደባልቃ ይሆናል። ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያት፤ በረኪና ያለበት ዕቃ ላይ ሎሚም ሆነ አቼቶ አይጨመርም።