እርጥብ መሬት ላይ የሚጠማ እንሰት

ጥያቄ፦ «የአራት ዓመት እንሰቴ የመሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ታጠፈ። ውሃ አጠጣሁት፣ ፍግ ጨመርኩበት፤ ባሰበት። አሁን ደግሞ አጠገቡ ያሉትን ሁለቱንም ጀምሯቸዋል። ምን ላድርግ?» (ከቸሃ፣ ጉራጌ ዞን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ በሽታውን እንለየው። ከታመመው እንሰት የአንዱን ቅጠል አገዳ ቆርጠው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ከተቆረጠው ቦታ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ነው። ፈሳሹ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። የቆረጡበትን ቢላዋ እሳት ሳያስነኩ ሌላ እንሰት እንዳይነኩበት!

ዛንቶሞናስ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ ጤነኛውን ልጣጭ በስቶ መግባት አይችልም። ቁስል ይፈልጋል። ቁስሉን የምንከፍትለት ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛው ነን፤ ኮባ ስንቆርጥ፣ ለከብት ቅጠል ስናወርድ፣ ችግኝ ስንነቅል። አንዴ ከገባ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወስዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይይዛል። እዚያው ይራባል፣ ዝልግልጉን ያመርታል፣ ቱቦው ይደፈናል። እንሰትዎ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የተጠማው ለዚህ ነው። የውሃና የፍግ ጉድለት አልነበረም፤ ራስዎን አይውቀሱ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ደህና የሚመስሉት ናቸው። ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ለምለሙ እንሰትም ይዞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት ሁልጊዜ ቢላዋውን እሳት ላይ በደንብ ያግሉት፣ ወይም በበረኪና ይጥረጉት። እንሰት የሚፍቁት እናቶችም ይህን ይስሙልኝ። የተዋሱት ቢላዋ ቢሆንም ያው ነው።

የሚያድን መድኃኒት የለውም። አለኝ የሚል ነጋዴ ቢመጣ ገንዘብዎን አይስጡ። ፈሳሹ ከታየ ሦስቱንም ከነአምቿቸው (መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ሥራቸው ጋር) ነቅለው፣ በማሳው ውስጥ ሳይጎትቱ፣ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ። ቅጠሉን ለከብት አይስጡ። በቦታው ቢያንስ አንድ ዓመት እንሰትም ሙዝም አይትከሉ። ባክቴሪያው በ1968 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን በእንሰት ላይ ተለይቶ ተመዘገበ፤ ቆየት ብሎ ሙዝንም እንደሚይዝ ታወቀ።

አዲስ ችግኝ በሽታው ካልታየበት ማሳ ብቻ ይውሰዱ። ማዚያ የሚባለው ዝርያ በምርምር ከሌሎች የተሻለ ተቋቁሞ ታይቷል፤ ፈጽሞ አይያዝም ማለት ግን አይደለም። ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና አጥር ለሚጋሩዎት ጎረቤቶች ዛሬውኑ ይንገሩ።