ሌሊት ብቻ የሚያፈስ ቱቦ

«መፍቻ» — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አነስተኛ ማኪያቶ ቤት አለኝ። ያገለገለ ባለ ሁለት ግሩፕ (ቡና መቅጃ ራስ) የጣሊያን ማሽን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ቤቱን ስከፍት ከማሽኑ ሥር ወለሉ ላይ ውኃ ተኝቶ አገኛለሁ። ቀን ቀን ግን ጠብታም የለው። የቧንቧ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ መጥቶ የቱቦውን መገጣጠሚያ በቴፍሎን እየጠቀለለ አጥብቆ ሄደ፤ በየጊዜውም ፊቴ ሞክሮ «ይኸው ደረቀ» ብሎኛል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ያው ነው። ሌላ ባለሙያ ደግሞ «ቦይለሩ (ውኃ ማሞቂያ ጋኑ) ተሰንጥቋል፣ ሽጪው» አለኝ፤ ገዢውም እርሱ ራሱ ነው። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ይመጣል፣ በቀረው ጊዜ ጓሮ ካለው ሮቶ እንጠቀማለን። ማሽኑን ማታ አጥፍቼ ነው የምሄደው። ጠዋት የቦይለሩ የውኃ መጠን ማሳያ መስታወት ላይ ውኃው እንደ ማታው ነው። ከሮቶ ስንጠቀም ደግሞ ፓምፑ ይጮኻል፤ ይህ ከዚያ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አላውቅም። ልሽጠው ወይስ ምን ይሻለኛል?
ማኪያቶ ቤት ያላት እኅት፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ አትሽጪው እኅቴ። በተለይ ለዚያ ሰው አትሽጪው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለቱ ባለሙያዎች ያላዩትን አንቺ አይተሽ ጽፈሽዋል። ቦይለሩ ቢሰነጠቅ ኖሮ ሌሊቱን የሚፈሰው ከሆዱ ስለሆነ ጠዋት መስታወቱ ላይ ውኃው ወርዶ ታገኚው ነበር። የጠፋ ማሽን ያጎደለውን ውኃ በራሱ አይሞላም፤ መሙያውን የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ነውና። መስታወቱ እንደ ማታው ከሆነ ወለልሽ ላይ የተኛው ውኃ ቦይለሩን አላየውም፤ ገና ወደ እርሱ እየሄደ ሳለ መንገድ ላይ የቀረ ነው። እንግዲህ የምንፈልገው ከግድግዳው መዝጊያ እስከ ፓምፑ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ክንድ የማይሞላ ቦታ።

ሌሊት ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው? አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውኃ ታች የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ሮቶሽ ከማሽኑ በሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ቱቦሽን የሚገፋው 0.3 ባር ብቻ ነው። በዚህ ግፊት የተሰነጠቀ ጎማ እንኳ ደረቅ መስሎ ይውላል። የከተማው መስመር ግን ሌላ ነው። ሌሊት ሰዉ ሲተኛ ቧንቧ የሚከፍት ስለሚጠፋ ግፊቱ ይወጣል፤ 4 ወይም 5 ባር ቢደርስ አይገርመኝም። ቀን ከሚሰማው ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። የቧንቧ ሠራተኛሽ አልዋሸሽም። የሞከረው በሮቶ ውኃ ነው፤ በሮቶ ውኃ ደግሞ እውነትም ደርቋል።

ይህን የምለው ብልህ ስለሆንሁ አይደለም፤ እኔንም እንዲሁ ስለሸወደኝ ነው። ሙያውን በጀመርሁበት ዘመን ደብረ ማርቆስ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ይህንኑ መገጣጠሚያ ሦስት ጊዜ በቴፍሎን ጠቀለልሁት። በሦስተኛው ተናደድሁና ረጅም መፍቻ አምጥቼ በሁለት እጄ ጠመዘዝሁት። ቀን ቀጥ አለ። የገበያው ቀን ዋዜማ ነበር። ሌሊት ውኃው ሲመጣ መገጣጠሚያውን የሚያጠብቀው የነሐስ ዳዶ ለሁለት ተከፈለ፤ ሲነጋ ውኃው በግድግዳው ሥር አልፎ የጎረቤቱን የበርበሬ ጆንያ አርሶት ነበር። በርበሬውን ጸሐይ ላይ አስጥቼ ያገላበጥሁት እኔ ነኝ፤ ሙሉ ቀን፣ ዓይኔ እያነባ። ከዚያ ወዲህ ቴፍሎን ሳይ አፍንጫዬን ያሳክከኛል።

ቴፍሎን ክፉ ዕቃ ሆኖ አይደለም። ቦታውን ስተን ነው። ሁለት ዓይነት መገጣጠሚያ አለ። አንደኛው ጥርሱ ራሱ ውኃ የሚይዘው ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ቧንቧ እንዲህ ነው፣ ቴፍሎንም የተሠራው ለእርሱ ነው። የማሽንሽ ፍሌክሲብል ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ውኃ የሚይዘው በዳዶው ሆድ ውስጥ ያለችው ጠፍጣፋ የጎማ ጓርኒሲዮን ናት። ጥርሱ ጓርኒሲዮኗን ከመጫን በቀር ሥራ የለውም። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ስትደራርቢበት ዳዶው ገና ጓርኒሲዮኗን ሳይጫን ይጠብቃል፤ እጅሽ «በቃ ጠበቀ» ይልሻል፣ ጓርኒሲዮኗ ግን አልተነካችም። ሌላም ጣጣ አለው። የቴፍሎኑ ፍርፋሪ ከውኃው ጋር ማሽኑ ውስጥ ይገባል። እዚያ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይሰፉ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዷ ስትደፈን አንደኛው ግሩፕ ቡና አልሰጥም ይልሻል፣ አንቺም ከወር በኋላ ሌላ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።

አሁን ቦታውን እንፈልግ። ውኃ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚያፈስበት ቦታ አይደለም፤ በቱቦው ገላ ላይ ተንሸራትቶ ዝቅ ካለበት ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ዓይንሽን አትመኚ፣ ሶፍት እመኚ። የከተማው ውኃ በሚመጣበት ምሽት ማሽኑን ከግድግዳው ትንሽ ሳቢ፣ መስመሩን በጨርቅ አድርቂና በየመገጣጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ሶፍት እሰሪ፤ ግድግዳው ጋ፣ ማጣሪያው መግቢያና መውጫ ላይ፣ ማሽኑ ጋ፣ እንዲሁም ቱቦው ከነብረት ጫፉ በሚገናኝባቸው ሁለት አንገቶች ላይ። ጠዋት የራሰው የትኛው መገጣጠሚያ እንደሆነ ሶፍቱ ለይቶ ይነግርሻል። ሌሊቱን መጠበቅ ካልፈለግሽ ምልክት አለው፤ ነጭ የኖራ መስመር ወይም ነሐሱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያለበት ቦታ ውኃው ብዙ ጊዜ የጎበኘው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይልሽ። የአንዳንድ ማሽን ፓምፕ ከሆዱ ውስጥ ሳይሆን ከውጭ፣ ጠረጴዛው ሥር ነው። ያንቺ እንዲህ ከሆነ ከፓምፑ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ቱቦ ቡና በሚቀዳበት ሰዓት 9 ባር ያህል ይሸከማል፤ እርሱ ቢያፈስ የሚያፈሰው ቀን፣ ቡና ሲቀዳ ነበር። ከፓምፑ በፊት ያለው ግን ተቃራኒ ነው፤ ፓምፑ ሲሠራ ውኃውን ስለሚስብለት ይቀልለዋል፣ ሁሉ ነገር ሲያርፍ ነው የሚጨነቀው። ያንቺው ሌሊት መሆኑ ከፓምፑ በፊት ያለውን ያስጠረጥረኛል።

ጥገናው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለይ። ማሽኑን ከማጥፊያው ብቻ ሳይሆን ከመስመሩ አቋርጪው፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆመሽ 220 ቮልት ባለበት ዕቃ ሥር እጅሽን አትስደጂ። ማሽኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ። የግድግዳውን መዝጊያ ዝጊ፣ ከሮቶ የሚመጣውንም ጭምር፤ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ረስቶ ታጥቧል። ሳፋ ከሥር አድርጊና ዳዶውን በጨርቅ ይዘሽ ቀስ ብለሽ አላቅቂው፤ ቱቦው ውስጥ የታፈነ ግፊት አለና በአንዴ አትክፈቺው። ሲፈታም ሲጠብቅም ሁለት መፍቻ ያስፈልጋል፤ አንዱ ዳዶውን ያዞራል፣ ሌላው ከማሽኑ የወጣውን አንገት ይዞ ያቆማል። በአንድ መፍቻ ብቻ ከሠራሽ አንገቱ አብሮ ይዞርና ውስጥ ያለውን የመዳብ ቧንቧ ያጣምመዋል። ያን ጊዜ የምር ወጪ መጣ ማለት ነው።

አሮጌዋን ጓርኒሲዮን አውጥተሽ በጣትሽ አጠፍ አድርጊያት። ደርቃ ከተሰነጠቀች፣ አንድ ጎኗ ከሳሳ ወይም ከመጠን በላይ ተጠብቃ ከተቆረጠች ጥፋተኛዋን አገኘሽ። ጥርሱ ላይ የቀረውን ቴፍሎን በሙሉ ልቀሚ፤ የነሐሱን ፊት በጨርቅ ጥረጊ፣ በካቻቢቴ አትጫሪው። አዲሷን ልትገዢ ስትሄጂ አሮጌዋን ይዘሽ ሂጂ። ግድግዳው ላይ ብዙውን ጊዜ 1/2 ኢንች፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ 3/8 ኢንች ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ሁለት ደራርበሽ አትክተቺ። ዳዶውን በእጅሽ እስኪቆም አጥብቂ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ጨምሪ፣ በቃ። ሩብ ዙር ካልበቃው ጓርኒሲዮኗ አልተቀመጠችም፤ ፈትተሽ እይ እንጂ አትታገዪው።

ሶፍቱ የራሰው በቱቦው አንገት ላይ፣ የብረት ቀለበቱ ጎማውን በያዘበት ቦታ ከሆነ ግን ጥገና የለውም። ጎማውን የሸፈነው የተጠለፈ ሽቦ ከተበጠሰ፣ ጎማው በመሐል እንደ ዘር ሽንኩርት ካበጠ ወይም ማሽኑ ግድግዳው ላይ ጨፍልቆት ከታጠፈም እንዲሁ ነው። ቀይሪው። እኔ እንዲያውም አምስት ዓመት ያለፈውን ቱቦ ሳያፈስም አላምነውም፤ ያንቺ ማሽን ያገለገለ ስለሆነ የቱቦውን ዕድሜ የሚያውቅ የለም። አዲሱን ስትገዢ ለመጠጥ ውኃ የተሠራ መሆኑን ጠይቂ፤ ርዝመቱም ሳይወጠር፣ ሳይታጠፍም የሚደርስ ይሁን። ከማሽኑ ጋር ከማገናኘትሽ በፊት አንድ ባልዲ ውኃ አሳልፊበት፤ የጎማ ሽታውና ፍርፋሪው ማኪያቶሽ ውስጥ ከሚገባ ባልዲ ውስጥ ይግባ።

ሙከራውን ደግሞ በከተማው ውኃ አድርጊው። መዝጊያውን ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ሶፍቱን እንደ ገና እሰሪ፣ ሳፋውን ከሥር ተዪ፣ ሁለት የፈረቃ ሌሊት እይ። ባለሙያ ብትጠሪም ከሮቶ በሚመጣው ውኃ ሞክሮ «ደረቀ» ቢልሽ ሒሳቡን አትክፈዪ፤ ውኃ በሚመጣበት ምሽት ይምጣ። አዎ፣ ደስ አይለውም።

የማሽን አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከመስመር የሚመጣው ግፊት ከ6 ባር እንዳያልፍ ያዝዛሉ። ስለዚህ ከግድግዳው መዝጊያ ቀጥሎ ግፊት መቀነሻ አስገጥመሽ 3 ባር ላይ ብታስተካክዪው ለቱቦውም ለፓምፑም ዕረፍት ነው። እስከዚያ ግን ማታ ስትዘጊ መብራቱን እንደምታጠፊ ሁሉ የውኃውን መዝጊያም ዝጊ። ይህ በነጻ ነው።

ስለ ፓምፑ ጩኸት፦ ይገናኛል። ከሮቶ የሚመጣው 0.3 ባር ለፓምፑ ስለማይበቃው ነው የሚጮኸው፤ በተለይ ማጣሪያው ከቆሸሸ። መጀመሪያ ማጣሪያውን አጽጂ፤ ካልተወው ወይ ሮቶውን ከፍ አድርጊው፣ ወይ ከሮቶው ሥር ትንሽ ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ አስገቢ። ሮቶው ባዶ ሲሆን ግን ማሽኑን ወዲያው አጥፊ፤ ፓምፑ ደረቅ ከዞረ ራሱን ይበላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ማሽን አያፈስም፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ ውኃ የሚያስገባው ቱቦ ጠዋት ጠዋት ስነካው ሞቅ ይላል። ጉዳት አለው?
ከዳንግላ

መልስ፦ አለው፤ ገና ሳያፈስ መጠየቅህ ጥሩ ነው። በማሽኑ መግቢያ ላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ አለ። እርሱ በኖራ ወይም በቆሻሻ ምክንያት መዝጋት ሲሳነው በሙቀት የተለጠጠው ውኃ ወደ ቱቦው ይመለሳል፤ ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራ ጎማም በሙቀት ቶሎ ይደርቃል። ቱቦውን ብትቀይር በጥቂት ወር ውስጥ ያው ነው፤ ቫልቩን አስጸዳው ወይም አስቀይረው። ራስህ ለመፍታት እንዳትሞክር፤ በቦይለር ውስጥ ያለ ውኃ ከ110 ዲግሪ በላይ ነው፣ ቱቦውን ስትፈታው ወደ አንተ የሚመጣው እርሱ ነው። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ብቻ ይነካ።

ጥያቄ፦ የሚያፈሰውን ቱቦ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠፍሬ አስሬዋለሁ፤ ይቆያል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ባሕር ዳር ላይ የብስክሌት ጎማ የማያስረው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። እስከ ነገ ይቆያል። አዲሱን ቱቦ ዛሬ ግዛ፤ እስክትገዛ ማታ ማታ ውኃውን ዝጋ።