አቧራና የአካባቢ አስተዳደር ደንብ፦ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ግንባታ ሳይት ላይ ስራ የጀመርኩት የውሃ ቦቴ ሾፌር ሆኜ ነው፣ በኋላ የአቧራ መቆጣጠሪያ ፕላን ማዘጋጀትና ከተቆጣጣሪ ጋር መጨቃጨቅ ስራዬ ሆነ፣ ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አየሁት ማለት ይቻላል። ሰሞኑን ብዙ ሰው በውስጥ እየጠየቀኝ ስለሆነ እዚሁ ሁላችሁም ጠይቁኝና በአንዴ እንጨርሰው ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድም መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ አርግልኝ፣ አቧራ ላይ ህግ አለ እንዴ? መሬት ተቆፍሮ እንዴት አቧራ አይነሳም?

መልስ፦ አለ እንጂ! ሁለት ደረጃ ያለው መሆኑን ካወቅክ ሌላው ቀላል ነው። ከላይ ያለው መንግስት ወይም ትልቅ ድርጅት የሚያወጣው አየር ውስጥ ስንት ብናኝ ቢኖር ነው ችግር የሚሆነው የሚለውን ቁጥር ነው። ፒኤም 10 የሚባለውን፣ ማለትም ከ10 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ብናኝ ብትወስድ (ጸጉርህ 50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ይወፍራል፣ አስበው) የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ 45 ማይክሮግራም ነው፣ አሜሪካ ደግሞ ከ1987 ጀምሮ 150 ላይ ነው ያለችው። ግን እስቲ ግሬደር (መሬት የሚደለድለው ማሽን) ላይ ለተቀመጠ ሰው 150 ማይክሮግራም እንዳታልፍ በለው፣ ይስቅብሃል። ስለዚህ ታች ያለው አስተዳደር፣ ካውንቲም በለው ማዘጋጃ ቤትም በለው፣ ያንን ቁጥር ወደ ስራ ይቀይረዋል፦ መንገዱን አጠጣ፣ ጭነትህን ሸፍን፣ ጎማህን አራግፈህ ውጣ፣ ንፋስ ሲበረታ አቁም። ደንብ የሚባለው ይሄ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፣ የሎስ አንጀለስ አካባቢ የአየር ጥራት ዲስትሪክት ደንብ 403 ከ1976 ጀምሮ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ከቤታችን አጠገብ ግንባታ አለ፣ እናቴ አስም አለባት፣ መስኮት ከፍተን አናውቅም። ፎርማኑን ስናናግረው ነገ ነገ ይላል። የት ነው አቤት የሚባለው፣ ማስረጃስ ምንድነው የሚፈልጉት?

መልስ፦ እህቴ ይሄ ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ብመልሰው ይሻላል ምክንያቱም ብዙ ሰው እውነት እያለው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ሰው አቤቱታ ሲያቀርብ ቤቴ በአቧራ ተሸፈነ ብሎ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ የጻፈውን ፎቶ ይልካል። ተቆጣጣሪው ግን ያንን አይቶ ምንም ማድረግ አይችልም፣ አቧራው ከመንገድ ይምጣ ከሳይቱ ይምጣ በምን ያውቃል። የብዙ ቦታ ደንብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ አቧራው የሳይቱን ወሰን አልፏል ወይ? ደንብ 403 ላይ ለምሳሌ ከወሰኑ ውጪ በአይን የሚታይ አቧራ ከታየ ያ ራሱ ጥፋት ነው፣ ማሽን አምጥቶ መለካት የግድ አይደለም። ስለዚህ ቪዲዮ ስትቀጂ አጥሩ ወይም ግንቡ መታየት አለበት፣ አቧራው ከውስጥ ተነስቶ አጥሩን ሲሻገር ይታይ፣ አጠር አድርገሽ አትቁረጪው፣ ስልኩን አንድ ቦታ ደገፍ አድርጊና አንድ ሁለት ደቂቃ ቅጂ። ከዛ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ንፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ፣ የትኛው ማሽን ምን ሲሰራ እንደነበር፣ የውሃ ቦቴ ነበር አልነበረም ጻፊ። አንድ ቀን ሳይሆን የአምስት ስድስት ቀን ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የት ነው የምትሄጂው ላልሽው መጀመሪያ የግንባታ ፈቃድ የሰጠው ቢሮ ነው፣ ፈቃዱ ላይ ስለ አቧራ የተጻፈ ግዴታ ካለ እሱን ይዘሽ ነው የምትከራከሪው፣ ከዛ የአካባቢ ጥበቃ ወይም የጤና ክፍል። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ህግ ከንግድ ወይም ከኢንዱስትሪ ቦታ የሚወጣ ጤና የሚጎዳ ወይም ጎረቤት የሚረብሽ አቧራን እንደ ህጋዊ ረብሻ ይቆጥረዋል፣ የአካባቢው ምክር ቤት አቤቱታ ሲደርሰው የመመርመር ግዴታ አለበት፣ ካመነበት ደግሞ አቁም የሚል ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ፎርማኑን ማናገርሽ ጥሩ ነው ግን በጽሁፍ አድርጊው፣ ነገ ነገ ያለው ነገር ወረቀት ላይ ሲሆን ቶሎ ይመጣል ሃሃ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ተቆጣጣሪ መጥቶ 20 ፐርሰንት አልፋችኋል ብሎ ጻፈብን። የምን 20 ፐርሰንት? ማሽን እንኳን አልያዘም እኮ፣ ቆሞ አይቶ ነው የጻፈው!

መልስ፦ ልክ ነው፣ ማሽኑ አይኑ ነው። 20 ፐርሰንት የሚሉት አቧራው ከጀርባው ያለውን ነገር ምን ያህል ይጋርዳል የሚለውን ነው። ዜሮ ማለት ምንም አይጋርድም፣ መቶ ማለት ከኋላው ያለው ጨርሶ አይታይም። አሜሪካ ውስጥ የፊኒክስ ከተማ ያለበት ማሪኮፓ ካውንቲ ደንብ 310 ላይ ገደቡ 20 ነው፣ ሌሎችም ብዙ ቦታዎች እሱን ይጠቀማሉ። 20 ስትሰማው ትልቅ ይመስላል፣ ስታየው ግን ስስ ነው፣ ከኋላ ያለውን መኪና ቀለሙን ሁሉ ለይተህ እያየኸው ነው። እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ተናድጄ ነበር በኋላ ተቆጣጣሪዎቹ የሚወስዱትን በአይን የመገመት ስልጠና ስገባ ነው የገባኝ። ከማሽን 25 ነጭና 25 ጥቁር ጭስ ይለቁልሃል፣ እያንዳንዱን ገምተህ ትጽፋለህ፣ አንዷ ግምት እንኳን ከ15 ፐርሰንት በላይ ከሳተች ወደቅክ፣ አማካይ ስህተትህ ደግሞ በየቀለሙ ከ7.5 መብለጥ የለበትም። ይሄንን በየስድስት ወሩ እንደገና ይፈተናሉ። ስለዚህ ዝም ብሎ ቆሞ የጻፈ አይምሰልህ። ግን መከራከር የምትችልበት ነገር አለ፦ ሲያይ ፀሐይ ከጀርባው መሆን አለባት፣ ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ከጻፈ አቧራው ወፍራም ሆኖ ይታየዋልና ንባቡ ውድቅ ነው። ሰዓቱንና የቆመበትን ቦታ ሪፖርቱ ላይ እይ፣ የስልጠና ወረቀቱ ጊዜ አልፎበት እንደሆነም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ውሃ እናጠጣለን፣ በሰዓት ውስጥ ደርቆ እንደገና ይቦንናል። ምን ይሻላል? የተቃጠለ ዘይት ብንረጭስ?

መልስ፦ ዘይቱን እርሱት! በፍጹም። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ታይምስ ቢች የምትባል ሁለት ሺህ ሰው ገደማ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበረች፣ በ1970ዎቹ የኮረኮንች መንገዶቿን አቧራ ለማስተኛት ዝቃጭ ዘይት አስረጩ፣ ዘይቱ ውስጥ ዳዮክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ነበረ፣ በ1983 መንግስት ከተማዋን በሙሉ ገዝቶ ሰውን አስወጣ። ዛሬ ቦታው ፓርክ ነው። ለአቧራ ብለው ከተማ አጡ። ያንተ ዘይት ዳዮክሲን ባይኖረውም ከባድ ብረት አለው፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በብዙ ቦታም ክልክል ነው።

ውሃውን በተመለከተ ስህተታችሁ የሚመስለኝ አቧራ ሲነሳ ነው የምታጠጡት። ያኔ አልፏል። መሬቱ ውሃ መጠጣት ያለበት ከመቆፈሩ በፊት ነው፣ ማታ አጠጥታችሁ ስትተዉት ሌሊቱን ወደ ታች ይሰርጋል፣ ጠዋት ኤክስካቫተሩ ሲዝቀው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ላይ ላዩን ብቻ የረጠበ መሬት ባልዲው አንዴ ሲገባበት ከታች ደረቁ ይወጣል፣ ያንን ነው በሰዓት ውስጥ ደረቀ የምትሉት። ደንብ 403 ለትልልቅ ስራዎች የአፈሩ እርጥበት ከ12 ፐርሰንት እንዳይወርድ የሚለውም ለዚህ ነው። ቦቴውም ላይ በቧንቧ አታፍስሱት፣ በደንብ የሚበትን ኖዝል አድርጉ፣ አለበለዚያ ጭቃ ትሰራላችሁ ጭቃው በጎማ አስፋልት ላይ ይወጣል ሲደርቅ ደግሞ ሌላ አቧራ። ለማይቆፈር መንገድ ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ ጥሩ ነው፣ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ግን ጨው ስለሆነ ለብረትና ለተክል አይመችም፣ በጣም ደረቅ አየር ላይም ብዙ አይሰራም። ከሁሉም ርካሹ ደግሞ ፍጥነት መቀነስ ነው፣ ብዙ ደንቦች ላይ ጥርጊያ መንገድ ላይ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር (15 ማይል) የሚለው ቁጥር አለ። ሾፌሮቹ ይጠሉታል፣ እኔም ጠልቼው ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ትንሽ ቤት ነው የምሰራው፣ እኔንም ይመለከተኛል ወይስ ለትልልቅ ኮንትራክተር ብቻ ነው?

መልስ፦ ፈቃድ የሚጠየቅበት የቦታ ስፋት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ማሪኮፓ 0.10 ኤከር፣ 400 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ላስ ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ 0.25 ኤከር፣ ወደ 1000 ካሬ ሜትር። ከዛ ካነስክ ፈቃድ አያስፈልግህ ይሆናል፣ አቧራህ ግን ወሰን ካለፈ ትንሽ ነኝ ማለት አያድንህም።

ጥያቄ፦ ንፋስ ነው እኮ ያመጣው፣ የፈጣሪን ንፋስ እኔ ላቁም?

መልስ፦ ይሄንን ሰበብ ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰላችሁ፣ ራሴም ብዬዋለሁ። ንፋሱን አታቆምም፣ ስራውን ግን ታቆማለህ። ደንብ 403 ንፋሱ በቅጽበት በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር (25 ማይል) ሲያልፍ ሌላ ግዴታ ያመጣል፣ ቁፋሮ ማቆም ወይም ማሽኑ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ማርጠብ ምናምን። ንፋስ ነበር ብለህ ነጻ የምትወጣው ማድረግ ያለብህን ሁሉ አድርገህ ከሆነ ነው፣ ያደረግከው ደግሞ በየቀኑ መዝገብ ላይ ካልተጻፈ እንዳላደረግክ ነው የሚቆጠረው። ስንት ቦቴ ውሃ፣ በስንት ሰዓት፣ የት። አሰልቺ ነው አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ማንም የማይሰራበት ባዶ ቦታ ቢቦንንስ? መሬቱ ተረጋግቷል የሚባለውስ መቼ ነው?

መልስ፦ የምወደው ጥያቄ! ባዶ ቦታም ይጠየቅበታል። መሬቱ መረጋጋቱን የሚያዩት ደግሞ በብረት ኳስ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ዲያሜትሯ 15.9 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 16 እስከ 17 ግራም የሆነች ትንሽ ኳስ። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ትለቃታለህ። ጎንበስ ብለህ ታያለህ፦ ኳሷ ቅርፊቱ (ደርቆ የጠነከረው የአፈሩ ገጽ) ላይ ቁጭ ካለች፣ ስታነሳትም ከስሯ ያለው ቅርፊት ካልደቀቀ አለፈች። ዱቄቱ ውስጥ ሰምጣ አፈሩ ከከበባት ወይም ስታነሳት ስሩ ተፈርክሶ ልቅ አሸዋ ከታየ ወደቀች። አንድ ቦታ ላይ ሶስት ጊዜ ትጥላለህ፣ ሁለቱ ካለፉ ያ ቦታ አለፈ፣ ሶስት የተለያየ ቦታ ላይ ትደግመዋለህ። ዓርብ ማታ ውሃ በደንብ ጠጥቶ ቅርፊት የሰራ መሬት እስከ ሰኞ ይቆያል፣ አንድ ሰው በሞተር ሳይክል ካለፈበት ግን አለቀ፣ ስለዚህ አጥሩና ገመዱ ከውሃው እኩል ነው።

ጥያቄ፦ ገልባጭ መኪና ነው የምነዳው፣ ሸራ ሁሌ ነው የሚለበሰው? ሁለት ደቂቃ መንገድ ብቻ ቢሆንስ?

መልስ፦ ህዝብ መንገድ ላይ ከወጣህ ልበሰው። ጭነቱንም እስከ አፉ አትሙላው፣ ከጎኑ ጠርዝ ዝቅ ይበል፣ ማሪኮፓ 3 ኢንች (7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ይላል። በጎማ የሚወጣው ጭቃ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስይዛችኋል፣ ምክንያቱም አስፋልት ላይ ማስረጃው ተጽፎ ይቀራል፣ ማሪኮፓ 7.5 ሜትር ገደማ (25 ጫማ) ከደረሰ ወዲያው አጽዳ ነው የሚለው። መውጫው ላይ ትልልቅ ጠጠር 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 9 ሜትር ስፋት፣ 15 ሜትር ርዝመት አድርጉ፣ ጎማው እየተንገጫገጨ ጭቃውን ያራግፋል። ጠጠሩ በጭቃ ሲሞላ ግን ቀይሩት፣ የሞላ ጠጠር ያው መሬት ነው።

ጥያቄ፦ ሁሌ ኮንትራክተሩ ላይ ነው የምትጮሁት፣ ገበሬውስ? መንግስት ራሱስ?

መልስ፦ ገበሬ ብዙ ቦታ ለብቻው ደንብ አለው። ካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ ደንብ 4550 ላይ 100 ኤከርና ከዛ በላይ የሚያርስ ሰው ከዝርዝር ውስጥ የአሰራር ዘዴ መርጦ ፕላን ያስገባል፣ ለምሳሌ የእርሻ ዙር መቀነስ። መንግስትን ካነሳህ እዛው ካሊፎርኒያ ያለውን ኦዌንስ ሐይቅን ልንገርህ። ሎስ አንጀለስ በ1913 በተከፈተው ቦይ የወንዙን ውሃ ወሰደች፣ ሐይቁ በ1920ዎቹ ደረቀ፣ ደለሉ ለአስርት ዓመታት ከአሜሪካ ዋናው የፒኤም 10 ምንጭ ሆነ። የአካባቢው የአየር ብክለት ዲስትሪክት ትንሽ ቢሮ ነው ግን ከተማዋን አስገደዳት፣ ከ2000 ወዲህ ከተማዋ ደለሉ ላይ ውሃ ስስ አድርጋ ትለቃለች፣ ጨው የሚችል ሳር ትተክላለች፣ ጠጠር ታለብሳለች። የወሰደችውን ውሃ መልሳ አቧራ ላይ ታፈሳለች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ኮንክሪት ቆራጭ ነኝ፣ ይሄ ሁሉ ለጎረቤት ነው፣ ለእኔ ደንብ የለም?

መልስ፦ ያንተ ሌላ ነው ወንድሜ፣ የሰራተኛ ደህንነት ህግ ነው የሚመለከትህ፣ አቧራህም የባሰ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባለው የአሸዋ ማዕድን ብናኝ በአይን አይታይም፣ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይሰራል፣ አይድንም። አሜሪካ በ2016 ያወጣችው ገደብ በ8 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ 50 ማይክሮግራም ነው። ውሃ የሚያፈስ መቁረጫ ተጠቀም፣ ሲያልቅ ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረገው፣ በኮምፕሬሰር አየር ልብስህን አታራግፍ። ጭምብሉ ከዛ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የአቧራ ፕላን ሲዘጋጅ አንድ ሰው ተጠሪ መሆን አለበት አሉን፣ ማንን እናድርግ?

መልስ፦ ማሽን የማስቆም ስልጣን ያለውን ሰው። ማሪኮፓ 5 ኤከርና ከዛ በላይ ለሚነካ ሳይት የሰለጠነ የአቧራ አስተባባሪ ቦታው ላይ እንዲኖር ይጠይቃል። አብዛኛው ቦታ ላይ ግን አዲስ የተቀጠረውን ልጅ ነው የሚያደርጉት፣ ልጁ ግሬደሩን አቁም ሲለው ኦፕሬተሩ ዞር ብሎም አያየውም። እኔን ያደረጉኝም እንደዛ ነበር።

ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ፣ የቀራችሁ ጻፉልኝ፣ ማታ ስገባ እመልሳለሁ።