«ጉልበቷ አልቆ ነዋ!» ሰበቃን በቤት ዕቃ ስለማስተማር

እህቴ፣ ያነሳሽው ጥያቄ የብዙ ወላጅ ጥያቄ ነው። ልጅሽ 4ኛ ክፍል ነው። «ሰበቃ ማለት በሚነካኩ ሁለት አካላት መካከል እንቅስቃሴን የሚቃወም ኃይል ነው» የሚለውን አንድም ሳይስት በቃሉ ይወጣዋል። «ታዲያ ጭቃ ላይ ለምን እንወድቃለን?» ስትይው ግን ዝም አለሽ። ቤት ባለው ዕቃ እንዴት ላሳየው፣ የሚገዛ ነገርስ አለ ወይ ነው ያልሽው።

ምንም አትግዢ። እኔ «አካባቢ ሳይንስ» የሚባለውን ትምህርት ለ11 ዓመት አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እኔም ትርጓሜውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር የምጀምረው። ፈተና ላይ ይደፍኑታል፤ እኔም የገባቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ብይ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። አንዱን «ብይዋ ለምን ቆመች?» አልኩት። «ጉልበቷ አልቆ ነዋ!» አለኝ፤ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ድምፅ። ይህ ልጅ ከአንድ ቀን በፊት የሰበቃን ትርጓሜ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ለልጆች የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ በውስጡ እንደ ስልክ ባትሪ የሚያልቅ ነገር አለው። ይህ ሐሳብ ሳይነካ ከላዩ ትርጓሜ ብንጭንበት ሁለቱ ሳይገናኙ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ለፈተና፣ አንዱ ለኑሮ።

ስለዚህ ከብይ ጀምሩ። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አንድ ጫፉን ሌላ መጽሐፍ ላይ አስደግፉና ትንሽ ቁልቁለት ሥሩ። ብይዋን ከአናቱ ልቀቋት እንጂ አትግፏት። ከአንድ ቦታ ከተለቀቀች ቁልቁለቱን የምትጨርሰው ሁልጊዜ በተቀራራቢ ፍጥነት ነው። መጀመሪያ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ትሂድ፣ ቀጥሎ አንሶላ ላይ፣ ከዚያ ባዶው ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ። ልጁ ርቀቱን በራሱ ስንዝር ይለካ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ይህቺን ግምት አትዝለሏት። ግምቱን ያልጻፈ ልጅ ውጤቱን ካየ በኋላ «አውቅ ነበር» ይላል፤ የጻፈ ልጅ ግን ሲሳሳት ይገረማል፣ ከተገረመ ደግሞ ይጠይቃል።

ሲጨርስ እንዲህ በይው፦ «ያለቀው የብይዋ ጉልበት ከሆነ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ለምን ቶሎ አለቀ?» ከዚያ ዝም በይ። መልሱን አትንገሪው፣ ግማሽ ደቂቃም ቢሆን ጠብቂው። እኔ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ከብዙ ዝምታ በኋላ «መሬቱ ነው የሚይዛት» አለችኝ። «መሬቱ ጭራሽ ባይይዛትስ?» አልኳት። «ግድግዳ እስክታገኝ ትሄዳለቻ!» ጋሊሌዮ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኳሶችን በተዳፋት ላይ እያንከባለለ የደረሰበት ሐሳብ ይኸው ነው። የሚሄድ ነገር እንዲቆም አንድ የሚያቆመው ነገር ያስፈልጋል። የ10 ዓመት ልጅ በብይ ሲደርስበት ማየት እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

(አንድ ነገር ልጨምር። መንከባለልና መንሸራተት አንድ አይደሉም። ብርድ ልብሱ ከብይዋ ሥር ስለሚሰረጉድም ነው ቶሎ የሚያቆማት። ልጁ ራሱ ካነሳው አስረጂው፣ ካላነሳው ለሌላ ቀን ይቆይ።)

ሁለተኛው ሙከራ በትሪ ነው። ትሪው ላይ ሳንቲም፣ ቆርኪ፣ ላጲስና ቁራጭ ሳሙና ደርድሩ። አንዱን ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሱት። ማን ቀድሞ ይንሸራተታል? ማን መጨረሻ ይቀራል?

እዚህ ላይ እኔ ራሴ የተሳሳትኩትን ልንገርሽ። «ሻካራ ነገር ሰበቃው ይበዛል፣ ለስላሳ ነገር ሰበቃው ያንሳል» ብዬ ነበር የማስተምረው። ትሪውን ሳነሳ ሁሉም ወረዱ፣ ላጲሱ ግን ቀረ። አንዱ ልጅ ላጲሱን በጣቱ ዳሰሰና «ይሄ እኮ ለስላሳ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። ላጲስ እንደ ጎማ ስለሆነ ሲጫኑት ቅርጹን ይለውጣል፤ ከሥሩ ካለው ገጽ ጋር በደንብ ይነካካል፣ ይይዛልም። ከዚያ ወዲህ «ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ?» ማለት ትቼ «ማን ከማን ጋር ነው የተነካካው?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ሰበቃ የአንድ ዕቃ ጠባይ አይደለም፣ የሁለት ገጾች ጉዳይ ነው። ያው ላጲስ ዱቄት የተነሰነሰበት ትሪ ላይ ወዲያው ይወርዳል። ሞክሩት።

ቀጥሎ ሳሙናውን በውሃ አርሱትና ድገሙት። ገና ትሪውን ስታነሱት ያመልጣል። የጭቃው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ስንራመድ እግራችን መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሰበቃው እግራችንን ስለሚይዝልን ወደ ፊት እንሄዳለን። ጭቃ ላይ ግን በጫማውና በጠንካራው መሬት መካከል እርጥብና ልስልስ ነገር ይገባል። እግር ወደ ኋላ ሲገፋ የሚይዘው ያጣል። ልጅሽን የቤቱ ወለል ላይ በካልሲ ከዚያም በባዶ እግሩ እንዲራመድ አድርጊው፤ ልዩነቱ ራሱ እግሩ ላይ ይሰማዋል።

ይህንን ማሳየት የግድ ነው። ብዙ ልጅ ከትምህርት ቤት «ሰበቃ መጥፎ ነገር ነው» የሚል ስሜት ይዞ ይወጣል። «የሚቃወም» የሚለው ቃል ነው ይህን የሚያመጣው። ሰበቃ ባይኖር ግን የጫማው ክር ቋጠሮ አይዝም። እርሳስ ከጣቱ ያመልጣል፣ ወረቀት ላይም አይጽፍም። የብስክሌቱ ፍሬን አይሠራም። እኔ ሁልጊዜ የማነሳው የአያቴን ወፍጮ ነው። የድንጋይ ወፍጮ ሲቆይ ፊቱ ይለሰልሳል፣ እህሉ ይንሸራተትበታል እንጂ አይፈጭም። ያኔ አያቴ ቁጭ ብላ ትወቅረው ነበር፤ ፊቱን እየነቀሰች እንደገና ታሻክረዋለች። ሰበቃ ሲጠፋ እንጀራም ይጠፋል ማለት ነው። ገጠር ዘመድ ካላችሁ ልጁ ስልክ ደውሎ ወፍጮ ለምን እንደሚወቀር ይጠይቅ።

ሦስተኛው ሙከራ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ይፈልጋል። ከነወረቀቱ ያለ የልብስ ሳሙና በክር እሰሩ፣ ክሩ ላይ ላስቲኩን አያይዙ፣ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። ላስቲኩ ምን ያህል እንደተለጠጠ በማስመሪያ ይለካ። ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንደኛ፣ ሳሙናው ከመነቃነቁ በፊት ላስቲኩ በጣም ይለጠጣል፣ ከተነሳ በኋላ ትንሽ ያጥራል። ቁምሳጥን የገፋ ሰው ያውቀዋል፤ ጭንቁ እስኪነቃነቅ ድረስ ነው። ሁለተኛ፣ ሌላ ሳሙና ከላይ ሲደረብ ላስቲኩ በደንብ ይረዝማል። የሚጫነው ክብደት ሲጨምር ሰበቃውም ይጨምራል።

አሁን ሳሙናውን በጎኑ አቁሙት። ጠረጴዛውን የሚነካው ገጽ ጠበበ። ልጁ «አሁን ይቀላል» ብሎ መገመቱ አይቀርም፤ አብዛኛው ትልቅ ሰውም እንደዚያ ይገምታል። ላስቲኩ ግን ያው በሚባል ደረጃ ነው የሚለጠጠው። ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1699 ይህንን ለፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ሲያቀርብ የአካዳሚው ሰዎችም ተጠራጥረው ነበር። ለልጅሽ ንገሪው፤ የተሳሳተው ብቻውን እንዳልሆነ ሲያውቅ ደስ ይለዋል።

ከዚያ ሳሙናው ሥር ሦስት አራት ክብ እርሳሶች አስገቡና ጎትቱት። ላስቲኩ መለጠጡ እንኳ አይታይም። ሰፈራችሁ ጋራዥ ካለ አሮጌ ኩሽኔታ ለምኑና ልጁ በጣቱ ያሽከርክረው፤ እርሳሶቹ የሠሩትን ሥራ ውስጥ ያሉት ኳሶች ሲሠሩት ያያል።

ስለ ቃሉም ንገሪው። «ሰበቃ» ከመጽሐፍ የመጣ ባዕድ ቃል ይመስለዋል። እረኞች እንጨት በእንጨት ላይ እያሽከረከሩ እሳት ሲያወጡ «ሰበቁ» ነው የሚባለው። መዳፉን ለ20 ሴኮንድ አፋትጎ ጉንጩ ላይ ያድርግ፤ እሳቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርጉት። ቅዳሜ ብይዋ ትበቃለች። ትሪው ለእሁድ፣ ላስቲኩ ለሌላ ሳምንት ይሁን። ሳሙናውን የምታርሱት ግን ትሪው ላይ ብቻ ነው፣ ወለል ላይ በፍጹም አይሁን። እኔ አንድ ጊዜ የክፍሉን ወለል በሳሙና ውሃ አርሼ ላሳያቸው ብዬ አንድ ልጅ ወድቆ ክንዱ ተጎድቷል። እናቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር።