ስለ ስልኩ ግን አልጠየቅኸኝም

የሥነ ልቦና ሕክምና ሥራችንን ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ታካሚዬ ደብቆት የኖረውን ማውራት ሲጀምር ድባቴው ባሰበት። ጎዳሁት ወይ?» እዚያው መመለስ አቃተኝ። የቆየ ጸጸቴን ነካችብኝ። እስኪ ልንገራችሁ፤ የሰውየውን ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ።

ያኔ ሠላሳ አልሞላኝም፤ እሳቸው በአባቴ ዕድሜ ነበሩ። እንቅልፍ አጥተው፣ ምግብ አስጠልቷቸው መጡ። የቤክን የድባቴ መጠይቅ አስሞላኋቸው፤ 21 ጥያቄ ያለውን፣ ከ0 እስከ 63 የሚቆጠረውን፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድባቴው ባሰ ማለት ነው። 26 ሆነ። አምስት ሳምንት ስለ ሥራና ስለ ወገብ ሕመም አወራን። በስድስተኛው፣ ሰዓታችን አልቆ ኮታቸውን እየለበሱ፣ «ወንድሜ የሞተ ሌሊት ስልኩ ሦስቴ ጠርቶ ነበር» አሉ። ተኳርፈው ስለነበር አላነሱትም። ይህንኑ ብለው ወጡ።

በሳምንቱ 34 ሆነ። ደነገጥኩ። እውነቱን ለመናገር የደነገጥኩት ለእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ሥራዬን የሚከታተሉት አንጋፋ ሐኪም ወረቀቱን ያዩታል። (እርሳስ እየቀረጹ ነበር የሚያዳምጡኝ። መቅረጹን ካቆሙ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ ማለት ነው።) ስለዚህ ጨዋታውን ወደ እንቅልፍ ሰዓትና ወደ እግር ጉዞ መለስኩት። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ዛሬም እመክረዋለሁ። ውጤቱ 12 ወረደ፣ አመስግነውኝ ሄዱ፣ መዝገቡ ላይ «ተሽሏቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ኮራሁም።

ከስምንት ወር በኋላ ያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። 37። እንደ ልማዴ ስለ እንቅልፍ ስጀምር ረጋ ብለው አዩኝና «ስለ ስልኩ ግን አልጠየቅኸኝም» አሉ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዊልያም ስታይልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡትን ሐሳብ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው የሚያሳምም ትዝታን የሚዋሐድበትን መንገድ ከ0 እስከ 7 በደረጃ ይቆጥሩታል። ታች ያለው ሰው ነገሩን ከነጭራሹ አያየውም፣ ወይም እያወቀ ይሸሸዋል። 2 ላይ ብቅ ይላል፤ ቃል የለውም፣ ሕመም ብቻ ነው። 3 ላይ ስም ያገኛል። 4 ላይ ይገባዋል፤ በድባቴ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከሕክምናው የተጠቀሙት ታካሚዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ የደረሱት ናቸው። የእኔ ሰው ኮታቸውን እየለበሱ ወደ 2 ሊወጡ ነበር። እኔ በደግነት መልሼ አወረድኳቸው።

በሁለተኛው ዙር ሦስት ሳምንት ከባድ ነበር። የት ቆመው እንደነበር፣ ስልኩ ዝም ሲል ምን እንዳሉ፣ ሁሉንም ነገሩኝ። አንድ ቀን «ያላነሳሁት ተናድጄ እንጂ ጠልቼው አልነበረም» አሉ። ተራ ዓረፍተ ነገር ናት። እስከዚያ ቀን ግን ውስጣቸው ያለው በዳይና ወንድሙን የሚወደው ሰው ተነጋግረው አያውቁም። ከዚያ በኋላ ውጤቱ ወረደ፤ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም እየተመለሰ። ያንን ስምንት ወር እንዴት እንዳሳለፉት ግን ጠይቄያቸው አላውቅም።

እናንተ የዛሬ ልጆች «ትራውማ» የሚለውን ቃል ጫማ ለጠበበው ሁሉ ታድላላችሁ፤ ታካሚውም በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም እንዲዘረግፍላችሁ ትፈልጋላችሁ። አትግፉ። ያልተዘጋጀን ሰው መግፋት መልሶ እንዲሸሽ ያደርገዋል። እኔ ራሴ ገፍቼ የተሳካልኝ ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ይህንንም ሕግ አታድርጉት።

አንቺ ልጄ፣ መጀመሪያ በቤክ መጠይቅ ላይ 9ኛውን መልስ እዪ፤ ራስን ስለ ማጥፋት የሚጠይቀው እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ 0 ቢልም በአፍሽ ጠይቂው። አደጋ ካለ ደኅንነቱ ይቀድማል። ከሌለ ቁጥሩን ትተሽ ንግግሩን አድምጪ፦ አዲስ ነገር እየጨመረ ነው ወይስ ያንኑ እያሽከረከረ? የሚጨምር ከሆነ ያቋረጠበት ቦታ ላይ መልሰሽ ጠይቂውና ጠብቂ። ውጤቱ መክፋቱንም ለሚከታተልሽ ሰው ዛሬውኑ ንገሪ፤ እርሳሱን መቅረጽ ቢያቆምም።