ሌሊት ስለምሠራ ልቤ እያደገ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምሠራው በሌሊት ፈረቃ ነው። ከስምንት ወር በፊት የልብ አልትራሳውንድ ተነስቼ «የግራ ልብሽ ግድግዳ ትንሽ ወፍሯል፣ በሦስት ወር ተመለሺ» ተባልኩ። አልተመለስኩም። በቅርቡ ነርቭና የሰውነት ሰዓት የልብ ሴሎችን እድገት እንደሚቆጣጠሩ አነበብኩ። እንቅልፍ ማጣቴ ልቤን እያሳደገው ነው? ልቤ ሲመታብኝ ጓደኛዬ የሰጠችኝን ፕሮፕራኖሎል (የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ ኪኒን) እወስዳለሁ። ግፊት እንኳ የለብኝም፤ ራሴን አሞኝ አያውቅም።

መልስ፦ የሚያስጨንቅዎ የሴሎቹ ነገር አይመስለኝም። «ተኝቼ ብቀርስ?» ነው ፍርሃቱ። የግድግዳ ትንሽ መወፈር ብቻውን የሞት ደወል አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይገኛል፤ ሲታከምም ይቀንሳል።

ያነበቡት እውነት ነው፤ ግን በዋናነት የአይጥ ግልገሎች ታሪክ ነው። ከተወለዱ በኋላ የልብ ሴሎቻቸው ብዙም ሳይቆይ መባዛት ያቆማሉ። ወደ ልብ የሚሄዱት ሲምፓቴቲክ ነርቮች (ስንደነግጥ ልብን የሚያፋጥኑት) በሰዓት ጂኖች፣ ማለትም የሰውነትን ሰዓት በሚመሩ ጂኖች በኩል ይህን መባዛት ፍሬን ይይዛሉ። ነርቮቹ ሲጠፉ ሴሎቹ መባዛታቸውን ይቀጥላሉ። የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት የሚታደሱት ሴሎች 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ግድግዳው የሚወፍረው ያሉት ሴሎች ሲፈረጥሙ ነው፣ ሸክም እንደለመደ ክንድ። ሸክሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግፊት ነው።

ፈረቃውስ? እንቅልፍ ላይ ስንሆን ግፊት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ ልብ ትንሽ የሚያርፈው ያኔ ነው። እንቅልፍ ሲቆራረጥ ይህ እረፍት ይጓደላል። ስለዚህ ፈረቃው ምንም አያደርግም አልልም። ብቻውን ግን ጥፋተኛ አናድርገው።

አሁን ወደ አናደደኝ ነገር ልምጣ። «ራሴን አሞኝ አያውቅም፣ ግፊት የለብኝም።» ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁ! ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይነግርዎትም። አያዞርም፣ ማጅራት አይዝም፣ ፊት አያቀላም። ደህና ነኝ እያሉ ለዓመታት ልብዎንና ኩላሊትዎን ይጎዳል። ራስዎን ስላመመዎት ግፊት አለብዎት ማለት አይደለም፤ ስላላመመዎትም የለም ማለት አይደለም። የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። አንዴ ተለክቶ «ደህና ነሽ» መባልም አይበቃም። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል አድርገው፣ በተለያዩ ቀናት ይለኩ። ለእርስዎ የሚሻለው 24 ሰዓት የሚለካው መሣሪያ ነው። ሲያስሩልዎት የምተኛው ቀን ነው ብለው ይንገሯቸው፤ አለዚያ ሥራ ላይ ያሉበትን ሰዓት እንቅልፍ ብለው ያነቡታል።

ፕሮፕራኖሎል እኮ ከረሜላ አይደለም! አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። የልብ ምቱን ዝቅ አድርጎም እኛ ልናየው የሚገባንን ይሸፍንብናል። አልፎ አልፎ ከሆነ የሚወስዱት፣ ይተዉት። በየቀኑ ከሆነ ግን በድንገት አያቁሙ፤ ልብ ተመልሶ በኃይል ሊመታ፣ ግፊትም ሊያሻቅብ ይችላል። አወራረዱን ሐኪም ይወስን።

አይሸበሩ፣ ግን አምስት ወር አልፎብዎታል። ደረትዎን ከጨመደደዎት፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረዎት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ካልሆነም በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። የድሮውን የአልትራሳውንድ ውጤት ይያዙ፤ አዲሱ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው። የጓደኛዎን ኪኒንም አይደብቁ።