ፎስፌት የሚያሟሙ የወንዝ ባክቴሪያዎች ሌሎች ባክቴሪያዎችንም ይገታሉ ወይ? (መልስ)

ከአቃቂ ወንዝ የለዩዋቸው ፎስፌት (ዕፅዋት የሚመገቡትን የፎስፈረስ ጨው) የሚያሟሙ ባክቴሪያዎች ሌሎች ባክቴሪያዎችንም ይገቱ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ለምሳሌ ሱዶሞናስ ከተባለው የባክቴሪያ ወገን ብዙዎቹ ዝርያዎች በግሉኮኒክ አሲድ አማካይነት ከካልሲየም ጋር የተጣበቀውን ፎስፌት ከማላቀቃቸውም በላይ፣ አንዳንዶቹ ፌናዚን የተባሉ ፀረ ባክቴሪያ ውህዶችንና ብረትን ከተቀናቃኞቻቸው የሚሻሙ ሲደሮፎሮችን ያመርታሉ። ይሁን እንጂ በፒኮቭስካያ አጋር (የማይሟሟ ፎስፌት ባለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ የሚታየው ጥርት ያለ ክብ የፎስፌቱን መሟሟት እንጂ ሌላ ነገር አያረጋግጥም። ስለዚህ ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ ሕዋሳቱን ለማስቀረት በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፈው፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) ወደ 7 ከመለሱ በኋላ ኢ. ኮላይና ስታፊሎኮከስ በተባሉት ባክቴሪያዎች ላይ ይፈትኑት፤ አሲዱ ብቻውን እድገታቸውን ሊገታ ስለሚችል፣ ይህ ካልተደረገ ውጤቱ ያሳስታል። በወንዙ ውኃ አትክልት ለሚያለሙት የአካባቢው ገበሬዎች ባክቴሪያውን ለመስጠት ካሰቡ ደግሞ ዝርያውን አስቀድመው ይለዩ፤ ሱዶሞናስ ኤሩጊኖሳ በሁለቱም ሥራ ብርቱ ቢሆንም የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሕሙማንን ስለሚያጠቃ፣ እኔ ብሆን ጎመን ላይ አልረጨውም።